ለሳቂታው መኪና የሠራሁት በር

ሰኞ፣ 4

ሳቂታው መኪና ገዛ። እነሱ መኪና ይበሉት እንጂ እኔስ ቤት ነው የምለው። ነጭ፣ ረጅም፣ ሰባት ሰው የሚጭን ፎርዊል። ጎማው ወገቤ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከወርክሾፓችን ደጅ አቁሞ ክላክሱን ሲነፋው እጄ ላይ የነበረው የብየዳ ኤሌክትሮድ ወደቀብኝ።

ሳቂታው የዋርሳዬ ባል ነው፤ የባለቤቴ ታናሽ እህት ማለቴ ነው። መድኃኒት ያከፋፍላል። ሲያዝን እንኳ ጥርሱ ስለማይከደን ስሙን የሚጠራው የለም። ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳል። «ጋሼ» ይለኛል፤ አክብሮቱም ያናድደኛል።

የመጣው ሥራ ይዞልኝ ነው። መኪናው በግቢው በር አልገባ ብሎ ደጅ አድሯል። «ጋሼ፣ ከአንተ ሌላ ማን ጋ እሄዳለሁ? ሰፋ ያለ በር ሥራልኝ። ግንቡን ግን ብዙ አታፍርስብኝ፤ ሚስቴ አበባዬ ከተነካ ቤቱን ለቀህልኝ ውጣ ብላለች።»

ሰፈራችን ጠባብ ነው። የጭነት መኪና ሲመጣበት ሳቂታው አንድ ነገር ተጫነና ሁለቱም ስፖኪዮዎች፣ የጎን መስታወቶቹ፣ በራሳቸው ታጠፉ፤ ውሻ ጆሮውን እንደሚያጥፈው። የወርክሾፑ ሸሪኬ «ወይ ጉድ!» ስላለ ሳቂታው ደስ ብሎት ሦስት ጊዜ እየዘረጋ እያጠፈ አሳየን። ሸሪኬ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ እንደ ሕፃን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። ሁለት ሜትር ከአምስት። እንደ ልማዳችን ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። የእኛ መዝገብ ግድግዳው ነው፤ ባለቤቱ ሥራውን ተረክቦ እስኪሄድ አይደመሰስም።

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ያለው አፌ ነው።


ማክሰኞ፣ 5

ምሳ ሰዓት። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ትናንት ስለካው ስፖኪዮው ታጥፎ ነበር። ሲዘረጋ ከስንዝር በላይ ይጨምራል። ደውዬ ነግሬው እንደገና እለካዋለሁ። ነገ።

ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል። ጭሱ ነው።


ሐሙስ፣ 7

አልደወልኩም። የበሩ ቱቦላሬ ብረት መጣ፣ ላሜራው መጣ፣ ሁለት መስኮት ለማስረከብ ስንሯሯጥ ቀኑ አለቀ።

ባለቤቴ እራት ላይ፣ «እሑድ እነእህቴ ሐይቅ ሊወስዱን ነው» አለች። ከሐይቁ ማዶ ያለው ጫካ ድረስ ነው የሚሄዱት። እዚያ የእኛዋ መኪና አትደርስም፤ አስፋልቱ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች።

«አንተም ትመጣለህ አይደል?»

«ሥራ አለብኝ።»

«እሑድ?»

«እሑድ።»

ልጄ ከመኝታ ቤቷ «እሰይ!» ስትል ሰማኋት። ለሐይቁ ይሁን ለእኔ መቅረት አልገባኝም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለሐይቁ ይሆናል።


እሑድ፣ 10

ማለዳ መጥቶ ወሰዳቸው። ዋርሳዬ ከፊት፣ ባለቤቴና ልጄ መሀል፣ የእነሱ መንትዮች ከኋላ። አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ሳቂታው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ወንበርህ ይኸውና!» አለኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ባለቤቴ ዞር ብላ አላየችኝም። ወይም አይታኝ ይሆናል፤ ፀሐዩ ፊት ለፊቴ ነበር።

ሥራ ያልኩት የራሴን ግቢ በር ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የሰፈሩን በር ሁሉ ሠርቼ የእኔው በሽቦ ታስሮ ነው የሚያድረው። ሽቦውን ፈታሁት። አየሁት። መልሼ አሰርኩት። ቀኑን እንዲህ ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ እስከ ጣሪያው ጭቃ ለብሰው መጡ። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ወንዝ ውስጥ ገባን እኮ! ውሃው እስከ በሩ! እማዬ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዛ ሳቀች፣ ከዛ ‹በናትህ እንደገና!› አለችው። አጎቴም እንደገና ተሻገረ!» አለች። ባለቤቴ አፍንጫዋን ፀሐይ አቃጥሎት ቀልታለች። በአሥራ አራት ዓመት ትዳራችን «እንደገና» ያስባልኳት ቀን መች እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። አንድም አልመጣልኝ።

ባለቤቴ ፎቶውን ከጠረጴዛው ማዶ በስልኳ አሳየችኝ። የስልኩ መስታወት ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ፊቷን አጥርቼ ማየት አቃተኝ። ጥርሷን ግን አየሁት። በጣም ስቃለች።

ሁሉም ተኝተዋል፤ እኔ ደብተሬ ላይ ነኝ። ቅናት አይደለም። ቅናት የሌላ ሰው ነገር ሲያምርህ ነው፤ እኔ ያማረኝ የራሴ ሚስትና የራሴ ልጅ ናቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። እኔም ፎርዊል እገዛለሁ። ለቤተሰቡ ነው። ወንዝ ከሆነ ወንዝ፣ ጫካ ከሆነ ጫካ፣ ራሴ ወስጄ አሳያቸዋለሁ።


ሰኞ፣ 11

የሳቂታውን በር ቆረጥነው። በየጎኑ አራት ጣት ጨምሬ ሁለት ሜትር ከሃያ አንድ።

ሸሪኬ ግድግዳውን አየት አደረገና፣ «ስፖኪዮው ተዘርግቶ ነው የለካኸው?» አለኝ።

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ቆየት ብዬ ሳስበው ምን ችግር አለው? ሰውዬው ማጠፍ ይወዳል። ይጠፍ! ሦስት ጊዜ አይደል እንዴ ያሳየን? ግንቡም አይፈርስም፤ አበባውም አይነካም።


ረቡዕ፣ 13

ከሥራ በኋላ አንድ የመኪና ደላላ አረንጓዴ ፎርዊል አሳየኝ። አዲስ አይደለም፤ ግን ይሰፋል። መጀመሪያ የጠየቅሁት ስፋቱን ነው። «ጋሼ፣ ሰው ነዳጅ ስንት ይበላል ብሎ ነው የሚጠይቀው» አለኝ። ከሳቂታው መኪና በሦስት ጣት ይበልጣል።

ለመግዛት የወርክሾፑን ግማሽ፣ ማለትም ድርሻዬን፣ ለሸሪኬ መልቀቅ ይኖርብኛል። ከዚያ በኋላ ተቀጥሬ እሠራለታለሁ። ምን አለበት? ብየዳው ያው ብየዳ ነው። ባለቤት ነኝ ማለት ወንዝ አያሻግርም።

ልሞክረው ብዬ ነዳሁት። ሊመሽ ሲል ነበር። የመንገዱ መብራት ሁሉ ዙሪያውን ጸጉር አብቅሏል፤ የፊት መስታወቱ ቆሽሾ ነው። አንዴ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ነካሁ፤ ትንሽ ነው። ደላላው የጣሪያውን እጀታ ጨብጦ ፈጣሪውን መጥራት ጀመረ። ፈሪ ደላላ።


ዓርብ፣ 15

ልጄን በመኪናችን ከትምህርት ቤት ስመልስ አንዲት ሴትዮ መንገድ መሀል ቆማ ሰደበችኝ። ከየት እንደመጣች እንጃ። ልጄ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ባለቤቴ ከሥራ በኋላ እህቷ ጋ ሄዳ ነበር። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ውላ ደክሞኛል የምትለዋ ሴት አሁን ድካም የሚባል ነገር የላትም። ስትመለስ ፊቷ ፈክቷል። ምን ስትሠሩ ዋላችሁ አልኳት። «ወሬ» አለችኝ።

ኋላ ጓዳ ገብታ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «እንዳይሰማ አደራ! ራሴ ነኝ የምነግረው… አዎ፣ ነገም እመጣለሁ። ምን ላድርግ፣ ሱስ ሆነብኝ!» አለችና ሳቀች።

ከማን ጋር ነበር ብዬ አልጠየቅሁም። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። ቀኝ ጎኔን አሳከከኝ፤ ግራ ጎኔን አሳከከኝ፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ።


እሑድ፣ 17

እንደገና ሄዱ። እንደገና ሥራ አለብኝ አልኩ። እንደገና ሥራ አልነበረኝም።

ልጄ ስዕል ይዛ መጣች። ነጩን መኪና ስላዋለች፤ በየመስኮቱ ሰው አለ፤ ሁሉም ይስቃሉ። ከጥግ አንድ በር አለ፤ በሩ ሥር ሜትር የያዘ ረጅም ሰው ቆሟል።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነሃ።»

«ለምን መኪናው ውስጥ አልሳልሽኝም?»

«የለህማ፣ አባዬ። ያለህበት ነው የሳልኩህ።»

ስዕሉን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ውሃ ለመጠጣት በተነሳሁ ቁጥር ሜትሬን ይዤ እዚያ ቆሜአለሁ።


ማክሰኞ፣ 19

በሩን ተከልን። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሥራ ነው። ማጠፊያው ድምፅ የለውም፤ በአንድ ጣት ይከፈታል።

ሳቂታው መኪናውን አስነሳና ገና በሩ ጋ ሳይደርስ ስፖኪዮዎቹን አጥፎ ሽው ብሎ ገባ። ወርዶ አቀፈኝ። «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ! እንደ ጫማ ልክክ አለ እኮ!» አላልኩም? ሰውዬው ማጠፍ ይወዳል። ሰው የሚወደውን ቢያደርግ የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

ዋርሳዬ አበባዋ ስላልተነካ ጉንጬን ሳመችኝ። ባለቤቴም ነበረች። ሥራ ሳይኖራት እዚያ ምን ትሠራለች? ስትወጣ ሳቂታው «ነገ በተለመደው ሰዓት!» ብሏት ጠቀሳት። ጠቀሳት። በዓይኔ አየሁት።


ሐሙስ፣ 21

አየኋቸው።

ቀለም ልገዛ ወጥቼ መንገድ ልሻገር ስል ነጩ መኪና አለፈ። ባለቤቴን በቢጫ ሻርፗ አወቅኋት። ከፊት ነበረች። ሳቂታውም ከፊት ነበር። ሁለቱ ብቻ። እሱ መሪው ላይ እሷ ከጎኑ ይመስለኛል፤ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ስላንጸባረቀ ማን በየትኛው በኩል እንደተቀመጠ አልለየሁም። ምን ለውጥ ያመጣል? አብረው ናቸው።

ቀለሙን ረስቼ ተመለስኩ። ሸሪኬ «ምን ሆነሃል? ዓመድ መስለሃል» አለኝ። ትኩሳት ነው አልኩት።


ዓርብ፣ 22

ቆርጫለሁ። ሸሪኬን ድርሻዬን ግዛኝ አልኩት። ግድግዳውን ሲያይ ቆየና «ሰኞ እንነጋገር» አለ። ለደላላውም ደወልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። በደስታ ትዘላለች ብዬ ነበር።

«ፎርዊል? ማን ሊነዳው?» አለችኝ።

ማን ሊነዳው! ሃያ ሁለት ዓመት መንጃ ፈቃድ ኪሱ ውስጥ ላለ ሰው! «ሳቂታው ይንዳዋ፣ ለምደሽው የለ!» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና፣ «እሑድ እነግርሃለሁ። እሑድ ግን እንድትመጣ» አለች።

እሑድ ምን ልትነግረኝ ነው? ይህንን የሚያህል ምን ነገር ነው እህቷ ቤት የሚነገረው?

አልሄድም።


እሑድ፣ 24

ስልክ። ልጄ ናት፤ እያለቀሰች። በሩ። መኪናው በሩን መታው። «እማዬ ደም» ብቻ ነው የሰማሁት። እየሄድኩ ነው። ቁልፉ የታለ


ሰኞ፣ 25

ደህና ናት። ግራ ክንዷ ላይ ሰባት ቦታ ተሰፍታለች። ልጄ ከኋላ ስለነበረች ምንም አልሆነችም። ይህንን ቀድሜ ልጻፈው።

ስትነዳ የነበረችው ባለቤቴ ናት።

ላለፉት ሁለት ሳምንታት ከሥራ በኋላ ሳቂታው መኪና ሲያስነዳት ነበር። ዋርሳዬ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጣ፤ ያን ሐሙስ ብቻ መንትዮቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወርዳ። «ሱስ ሆነብኝ» ያለችው መሪውን ነው። ትናንት ከሐይቁ ስትመለስ ሙሉ መንገዱን ነድታ፣ ግቢ አስገብታ፣ ደውላ «ና እየኝ» ልትለኝ ነበር። ሳቂታው ወርዶ በሩን ከፈተላት፤ ከውስጥ ሆኖ ነይ ነይ አላት። ስፖኪዮ የሚታጠፍ መሆኑ በሐሳቧም የለ። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ ክንዷን አውጥታ፣ ኮርታ ገባች። የግራው ስፖኪዮ ከቱቦላሬው ጋር ተላተመ፤ ስትደነግጥ ነዳጅ ረገጠች። መስታወቱ ክንዷ ላይ ረገፈ፤ የመኪናው በር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተላጠ። የግቢው በር ግን ንቅንቅ አላለም። ጥሩ ብየዳ ነው።

ለምን ተማረች? ሐኪም ቤት ተሰልፈን ስንጠብቅ ራሷ ነገረችኝ። «ዓይንህ እየደከመ ነው። አንተ አትናገርም፤ እኔ ግን አያለሁ። ኋላም ያቺን ሴትዮ ልትገጫት ነበር፤ ልጅህ ቤት ገብታ አለቀሰች። መኪና መግዛትህ እንደማይቀር ገባኝ። አይሆንም ብልህ ትሞታለህ። ስለዚህ እኔ እንድነዳ፣ አንተ ከጎኔ እንድትቀመጥ ብዬ ነው።»

ከጎኔ እንድትቀመጥ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ማንም አልተቆጣኝም። ዋርሳዬ «ዓይኑ ነው፣ ምን ያድርግ» አለች። ሳቂታው የተላጠውን መኪናውን ትቶ ትከሻዬን ይዞ፣ «ጋሼ፣ በዓይንህ ሜትሩን ማንበብ አቅቶህ ነው። ዋናው እሷ መትረፏ ነው። ስፖኪዮው ታጥፎ እንደነበር አላየህም አይደል?» አለኝ። ሰፊ በር ተከፈተልኝ፤ ዘው ብዬ ገባሁ። «ያየሁ እንደሆን ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ ማልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ባለቤቴን ክንዷን እየሰፏት ነበር።


ረቡዕ፣ 27

ባለቤቴ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። በአንድ እጇ እየጎተተችኝ ማለት ይሻላል። ሐኪሟ የፊደል ሰሌዳውን አሳየችኝ። ከላይ ያሉትን ሁለት ረድፎች አነበብኩ፤ ሦስተኛውን ገመትኩ።

«ያለ መከላከያ ስንት ዓመት በየዱ?»

«መከላከያው ሁልጊዜ አለ» አልኩ።

«አለ ማለት ዓይንዎ ላይ ነው ወይስ ሚስማር ላይ?»

ባለቤቴ ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ ጀምሯል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። እስከዚያ መኪና መንዳት የለም። ሐኪሟ ቀጠለችና፣ «ቅርብ ያለውን ግን ደህና ያያሉ፤ ለሥራዎ አያሳስብም» አለች። አንድ ክንድ የሚርቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሜትር ላይ ያለ ቁጥር፣ ምንም አያስቸግረኝም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የሻርፗን ጫፍ ስታስተካክል ነበር። ሰምታ ይሁን አልሰማች እንጃ።


ዓርብ፣ 29

ደላላውን አረንጓዴው ይቅርብኝ አልኩት። በጣም ደስ አለው፤ ደላላ ሥራ ሲያመልጠው እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ወርክሾፕ ስገባ ሸሪኬ እቃ እየሰበሰበ ነበር። «ድርሻህን አልገዛህም» አለኝ። እኔም አልሸጥም አልኩት። ከዚያ በመዶሻው ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ።

ሳቂታው ሥራውን ከተረከበ ቆይቷል፤ የጠመኔው ጽሑፍ ግን አለ። «2.05» ይላል። ከሥሩ፣ በራሴ እጅ፣ በትንሹ፣ «ታጥፎ» ይላል። የዚያን ሰኞ ጽፌው ኖሯል። ማክሰኞ ትዝ አለኝ ያልኩት ውሸት ነው፤ ከመጀመሪያውም አልረሳሁትም። ይህንን ደብተር ማን እንዲያነበው ብዬ እንደዋሸሁ አላውቅም።

ሸሪኬ፣ «አልደመሰስኩትም። አንተ ጻፍከው፣ አንተ ደምስሰው። ወይም ሄደህ ንገረው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር እኔ አልችልበትም» ብሎኝ ወጣ።

እርጥብ ጨርቅ አመጣሁ። ግድግዳው ፊት ለፊት ቆምኩ። ጨርቁ እጄ ላይ ደረቀ።


እሑድ፣ 1

ነገርኩት።

ግቢያቸው ውስጥ፣ የተላጠው መኪና አጠገብ ቆመን። ባለቤቴና ዋርሳዬ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ይሰሙናል። እንዲሰሙ ፈልጌ ነው፤ ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም ነበር።

«ስፖኪዮው መታጠፉን አይቻለሁ» አልኩት። «ዓይኔ አይደለም። አይቼ፣ ጽፌ፣ አውቄ ነው የሠራሁት።»

ጥርሱ ተከደነ። ፊቱ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሌላ ሰው ይመስላል።

«ምን አድርጌህ ነው፣ ጋሼ?»

መልስ ፈለግሁ። ወንዙን፣ ባዶውን ወንበር፣ «እንደገና» የሚለውን፣ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ስዕል አሰብኩ። አንዱም እሱ ያደረገኝ ነገር አይደለም።

«ምንም» አልኩት። «ቀንቼብህ ነው።»

ባለቤቴ ከበረንዳው ወረደች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። የታሰረ ክንዷን በሌላ እጇ ደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኑ ነው እያልኩ ስከራከርልህ» አለች። አልፋኝ ወጣች። በዚያው በር።


ሐሙስ፣ 5

ሦስት ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ ነኝ። ሳቂታው ሌላ በያጅ ማምጣት ይችል ነበር፤ አላመጣም። «አንተው ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል» ነው ያለኝ። ጋሼ አላለኝም።

ግንቡን አፈረስኩ። አበባውን አንድ በአንድ ከነአፈሩ ነቅዬ፣ ዋርሳዬ ባሳየችኝ ቦታ ተከልኩት። ቆማ እያየችኝ «ዝቅ አድርገው… ውሃ አጠጣው… ይህኛው ከሞተ አለቀልህ» ትለኛለች። ተቆጥታ የምትናገር ሰው ቢያንስ ትናገራለች። ባለቤቴ እቤት የምታናግረኝ ጨው አቀብለኝ ለማለት ነው።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ። ስፖኪዮው አዲስ ተገጥሟል። «ተዘርግቷል?» አልኳት። እጇን ሰዳ ዳሰሰችው። «ተዘርግቷል።» ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ እኔም አየሁት፤ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሁለት። አዲሱን በር ሁለት ሜትር ከሰማንያ አደረግሁት።


እሑድ፣ 8

በሩ ተተከለ። የጭነት መኪና ያስገባል።

ባለቤቴ የስፌቱ ክር ወጥቶላታል። ጠባሳው ከክርኗ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ማንም ሳይጠብቅ ሳቂታው ቁልፉን ወረወረላት። «ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጥሽም። አሁን ካልነዳሽ መቼም አትነጂም» አላት። ቁልፉን በቀኝ እጇ ቀለበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከፊት ተቀመጥ» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ከጨው ሌላ ያለችኝ ይህን ነው።

ወጣሁና ከጎኗ ተቀመጥኩ። ልጄና የዋርሳዬ ቤተሰብ ከኋላ ገቡ። አዲስ ልብስ እንደለበሰ ሰው እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ። ሞተሩን አስነሳች፤ ማርሽ አስገባች፤ በዝግታ ወደ በሩ ሄድን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሩቁ እንኳ፣ በዚህ ዓይኔ እንኳ፣ በግራም በቀኝም የተትረፈረፈውን ቦታ አያለሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዘች።

«ሰፊ ነው» አልኳት። «ተዘርግቶ ነው የለካሁት። ልጅሽ ናት ያነበበችው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

እጇን ሰደደች፤ ስፖኪዮዎቹን አጠፈቻቸው፤ ከዚያ ወጣን።